በአፍንጫ ልክ የታዘዘ መስታወት

የወጣቱ ሚስት ከሞተች ሦስት ወሯ ነው። ዛሬ ከመለዋወጫ ሱቅ ተደውሎ፣ ለሞተር ሳይክሉ የታዘዘው የንፋስ መከላከያ መስታወት መጥቷል ሲባል፣ ያላዘዘውን ዕቃ ሊያይ ሄደ። በቁመት የሚበልጠው ታላቅ ወንድሙ ቀድሞት ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ሲያየው ፊቱን ወደ ጓንቶቹ መደርደሪያ አዞረ። ወጣቱ መስታወቱን በር ላይ ባቆመው ሞተሩ ላይ ገጥሞ ተቀመጠበት። ጠርዙ ግንባሩ ላይ ደረሰ። ነገሩ ገባው። ፈገግ ብሎ ወደ ሽማግሌው ባለሱቅ ዞረ።

"ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎን ተሻለዎት? ሱቁንም ቀለም አስቀብተውታል፣ አምሮበታል... መስታወቱስ ቢሆን! ጭረት የለው፣ ጥርት ያለ። ብቻ ጋሼ፣ ጠርዙ የነጂው አፍንጫ ጫፍ ላይ ይድረስ፣ በላዩ አሻግሮ እንዲያይ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ይሄ የማን አፍንጫ ነው? እኔ በሦስት ወር አራት ጣት ረዘምኩ እንዴ? ሀዘን ያሳጥራል እንጂ...

"አይ፣ ማን እንደሆነ አይንገሩኝ። ደግ ሰው ስሙ እንዲጠራ አይወድም። በሀዘኑ ሳምንት 'ባትሪው እንዳይሞት ላስነሳልህ' ብሎ ሞተሩን ይዞ የወጣ አሳቢ ሰው አለ። ቀብረን ሳንመለስ ባትሪ የሚያስጨንቀው ሰው ከየት ይገኛል? እኛ እንባችንን ስንጠርግ፣ እሱ እዚህ መጥቶ አፍንጫውን ያስለካል። ትጉህ እኮ ነው!

"ትናንት ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ብቻህን ልጅ እያሳደግህ ሞተር ምን ያደርግልሃል? ለሚነዳው ሰው ልቀቀው።' ለልጄ አስቦ ነው! ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን እኔን ጠየቀኝ... ሐሳብ ሲበዛ ያስረሳል። ዘመድ ከዘመዱ ይሉ የለ? የኔው ዘመድ ከሞተሩ!

"እሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከኋላዬ ተቀምጣ 'ንፋሱ ጆሮዬን በላው፣ ረዘም ያለ መስታወት ግዛ' ስትለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ 'በሚቀጥለው ወር' አልኳት። ያ ሰው በአንድ ሳምንት አዘዘ። ይብላኝ ለኔ ለሰነፉ...

"በሉ ጋሼ፣ አጭሩን ያምጡልኝ፤ በኔ አፍንጫ ልክ። ሞተሩ አይለቀቅም። የልጄ እግር የሞተሩ መርገጫ ላይ ሲደርስ ከኋላዬ ትቀመጣለች፤ ያኔ ረጅም እናዛለን። ይሄን ግን ለሌላ እንዳይሸጡት! ባለቤቱ ይውሰደው። ፊት ለመከለል ከጓንት ይሻላል።"

ሽማግሌው ሳቁን አፍኖ አጭሩን አመጣ። ወጣቱ ረጅሙን ፈትቶ አጭሩን ገጠመ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ቁልፉን ሞተሩ ላይ ሰካ። ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ሥራው ምርቃት ነበር፤ ጓንቶቹ ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ያን ደግ ሰው እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቤቱን ይባርክለት። ክፉ ቀን የመጣበትም ዕለት... ልክ እንደ ራሱ ያለ ወንድም አይንሳው" አለ።