የተሸጠው ድንኳን

ከቴፒ ወደ ጌጫ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ እናት የበቆሎ ጆንያ በእግራቸው መሃል አስደግፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ጆንያውን ነካ አደረገ።

«ለገበያ ነው፣ እማማ?»

«የእድራችን ነው ልጄ። ሌላው ቀድሞ ሄዷል፤ ይሄ የመጨረሻው ነው።»

«እድር ደግሞ በቆሎ ምን ያደርግለታል?»

«ቡናችን ገዢ አጣ። ደሞዝተኛውም ደሞዙ ቆየበት። ባለፈው መንገድ ሲዘጋ ጨው እንኳ አጥተን ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ ይመጣል፣ መንገዱም ዳግም ይዘጋል እየተባለ ነው። ተሰብስበን ድንኳኑን ሸጥንና በቆሎ ገዛን።»

«የለቅሶውን ድንኳን?»

«እሱኑ። ሚዛን ከተማ ድንኳን ለሠርግ የሚያከራይ ሰው ወሰደው።»

«ኧረ እማማ! ሰው ቢሞትስ? በዚህ ዝናብ ለቀስተኛው የት ሊቀመጥ ነው?»

«እኔም ስብሰባው ላይ ይህንኑ ጠየቅኩ።»

«ምን አሉዎት?»

«‹የሸጥነው ሰው እንዳይሞት ነው› አሉኝ።»

ጎልማሳው ጆንያውን በዓይኑ ለካ።

«በቆሎው ሲያልቅስ?»

«እሱን ደፍሮ የጠየቀ የለም።»

እኔ ለሰፈሬ እድር የገዛሁት አዲስ ድንኳን ከራሳችን በላይ፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ታስሮ ነበር።