ከድልድዩ በታች ያልደረሰ ጎርፍ

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ አቶ ዲሪር፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ ሜይ 31 ቀን በግቢያችን ከቀትሩ ሐሩር የሚያስጠልል ድንኳን ተክላችሁ፣ ሻይና ሐልዋ አቅርባችሁ፣ ይልቁንም አማርኛ የምታውቁት ለማያውቁት እየተረጎማችሁ በገዛ ቋንቋዬ እንድሰናበት ስለፈቀዳችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዕድሜውን ዝናብ ሲለካ ለፈጀ ሰው ጃንጥላ መሸለማችሁም ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል። አቶ ዲሪር የመረጡት ከሆነ ግን ከመጠለሌ በፊት ቀዳዳውን እፈልጋለሁ።

ቂሜን እቤት ትቼው ልመጣ አስቤ ነበር፤ አልቀር አለኝ። ነገሩን ሁላችሁም በሥራ አስኪያጁ አንደበት ሰምታችኋልና ዛሬ ደግሞ በእኔ አንደበት ስሙት።

የድንጋይ ከሰል ኩባንያው ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሚሞላው ወንዛችን ሥር የቆፈረውን ዋሻ ወደ ቀጣዩ ሸለቆ ሊያስረዝም ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ፣ ቁፋሮው የተፋሰሱን ጎርፍ ቀንሶት እንደሆነ እንድንገምት መሥሪያ ቤታችንን ቀጠረ። እኛስ ምን አደረግን? እንደ ልማዳችን ዝናብ ሲጥል መኪናችንን አስፋልቱ ላይ አቁመን፣ ጫማችን ሳይረጥብ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈውን ጎርፍ ለካን፤ የለካነውንም የተፋሰሱ ሁሉ ልክ ነው ብለን ጻፍነው። ድልድዩ ግን ከማዕድን ማውጫው በላይ፣ በወንዙ ራስጌ ነው! ዋሻው ተደርምሶ መሬቱ የሰመጠው፣ የወንዙም ወለል የተሰነጠቀው ከዚያ በታች ነው።

ይህን ለአቶ ዲሪር ብናገር ምን ተባልሁ?

«ጋሽ ቸርነት፣ ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ላይ ቢለካ ታች ቢለካ ምን ለውጥ አለው?»

እኔና ባልደረባችን ናይማ በእግራችን ወረድን። ድልድዩን ግንድ እያንገላታ ያለፈው ያ ጎርፍ ስንጥቁ ዘንድ ሲደርስ እየተንዶለዶለ ወደ ዋሻው ሲሰርግ፣ ከዚያም ወዲያ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ቀጭን ውሃ ሆኖ ሲቀር በዓይናችን አየን። በስብሰባ ላይ ይህን ብናስረዳ አቶ ዲሪር፣ «ጋሼ፣ ጎርፉን ጂኒ ጠጣው በሉና እንገላገል!» አሉ። እናንተም ሳቃችሁ። ማን ጮክ ብሎ፣ ማን አፉን ሸፍኖ እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ወዲያው «የሽማግሌው ዓይን ደክሟል» ተባለና ጡረታዬ ተፋጠነ፤ ጎርፉ አልተለወጠም የሚለው ግምትም ያለ እኔ ፊርማ ለኩባንያው ተሰጠ።

ከስንጥቁ በታች የሚኖሩት ወይዘሮ አርዶ በአሸዋው ውስጥ ያስቆፈሩት ጉድጓድ በዚያ ጎርፍ ይሞላ ነበር፤ ዛሬ ደርቋል። ሰሞኑን በናይማ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ።

«ውሃችሁ አልተነካም ያላችሁን እናንተ ናችሁ?»

«መሥሪያ ቤታችን ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያ መሥሪያ ቤታችሁ መጥቶ ከዚህ ጉድጓድ ይጠጣ!»

አሁን ስንብቴን ልንገራችሁ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ፈቃዱን ተቃውመው አቤት ብለዋል፤ ባለሙያቸው እንድሆን ለምነውኝ ዛሬ ጧት እሺ አልኋቸው። አትደንግጡ፣ ሻያችሁን ጠጡ። ጉዳዩን የሚመረምሩት ሹማምንትም ሁለታችንም ወገኖች በመጪው ዝናብ ከስንጥቁ በታች ተገኝተን ጎርፉን እንድንጠብቅ አዘዋል።

እኔ ያን ቀን በወንዙ ወለል መካከል ወንበር ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ለአቶ ዲሪርም ከጎኔ አንድ ወንበር አኖርላቸዋለሁ። በግምታቸው መሠረት የሚመጣው ጎርፍ የጭነት መኪና የሚጠርግ ነው። እንግዲህ ከጎኔ ቢቀመጡ በገዛ ግምታቸው ላይ መሰከሩ፤ ዳር ላይ ቆመው ቢቀሩ ደግሞ እኔ ጉልበቴ ሳይረጥብ ተቀምጬ ሳለሁ ሹማምንቱ ያዩኛል። የቱ ይሻላቸው ይሆን? ይምረጡ፤ ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ።

ናይማ ልጄ፣ ያየሽውን ስለተናገርሽ እንጀራሽን አያሳጣሽ። ለሁላችሁም ቤታችሁ ይሙላ፤ ልጆቻችሁ ከጥም ይጠበቁ፤ የምትለኩት ሁሉ የቀና ይሁን። ከሁሉም አብልጬ ግን ለአቶ ዲሪር ጤና እለምንላቸዋለሁ፤ ዝናቡ በጣለ ዕለት ራስ ምታት እንኳ እንዳይዛቸው፣ መኪናቸውም መንገድ ላይ እንዳይበላሽባቸው። እናንተ ኢንሻአላህ በሉልኝ፤ እኔ አሜን እላለሁ።