የደጊቱ ክንድ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሽታዬ አየነው
ዕድሜ፦ 48
ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ
ሥራ፦ ጥጥ ፈታይ
አድራሻ፦ ቆሰበር፣ ከገበያው በላይ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 24 ቀን 1954 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ሀብቱ ደርበው

ከሳሽ ደጊቱን አውቃታለሁ። በልጅነቷ ከቆላ፣ ከበለስ ወንዝ ማዶ መጥታ በጎረቤቴ በግራዝማች አድማሴ ቤት በገረድነት የኖረች ናት። ተከሳሹን ግራዝማችንም አውቃቸዋለሁ፤ የሚለየን አጥር ብቻ ነው። ጠብ የለንም፤ ፍቅርም የለንም።

ግራዝማች በዚህ ወር መምህራን አስከትለው ወደ ቆላ ሊወርዱ፣ ወንጌል ሊያሰብኩና ያመነውን ሊያስጠምቁ ሲሰናዱ ሰንብተዋል። እኔም ለሚጠመቀው ሕዝብ የሚታሰር ማተብ እንዳከርር ታዝዤ አንድ ቁና ሙሉ ሠርቻለሁ። የመንገዱን በሶ የፈጨችው ደጊቱ ናት። የቆላውን ቋንቋ ስለምታውቅም አስተርጓሚ ሆና እንድትሄድ ተወስኖ ነበር። ድሮ በዚያው ቋንቋ ስታንጎራጉር ከሰሟት ግራዝማች ይገርፏት ነበር። እሷ ራሷ ግን እስከ ዛሬ አልተጠመቀችም። በለመነች ቁጥር "ይደርሳል" እየተባለች ጠጉሯ መሸበት ጀምሯል።

ጥር 20 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም ማተቡን ላስረክብ ወደ ግቢያቸው ገባሁ። በቅሎዎቹ ወደ መስክ ተነድተው ስለነበር በግቢው አንድም አላየሁም። ከተጓዦቹ አንዱ የሆኑት መሪጌታ ስማቸው ደጊቱን አስቀምጠው የቆላውን ሰላምታ እንድታስተምራቸው ይጠይቋት ነበር። እሷም "አባቴ፣ ለኔ ያልሰጣችሁኝን እንካችሁ ብዬ ለወገኖቼ አልናገርም። መጀመሪያ እኔን አጥምቁኝ" አለች። ግራዝማች "ዛሬ ከተጠመቅሽ ነገ ከገበታዬ ልትቀርቢ ነው" ብለው በከዘራቸው ግራ ክንዷን መቷት። ሲደግሟት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። መሪጌታ አቀርቅረው ዳዊታቸውን ገለጡ። ስለዚህ ከግራዝማች ቤት 'ክንዷን በቅሎ ረግጧት ነው' እየተባለ የሚወራው ሐሰት ነው።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ብዬ ስናገር፣ አሥር አለቃው ወደ ጉዳዩ ተመለሺ ብለውኛል። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ግራዝማችና ተጓዦቹ በማግስቱ ማተቡን በሙሉ ጭነው፣ ደጊቱን ትተው ሄደዋል። ደጊቱ ለአቤቱታ እዚሁ ጣቢያ መጥታ "በማተብሽ ማይ" ብትባል፣ የምትምልበት ማተብ ስለሌላት ቃሏ ሳይያዝ ተመልሳለች። ምስክር ካላመጣች ወደ ግራዝማች ቤት ገብታ እሳቸው እስኪመለሱ እንድትጠብቅ ተነግሯታል። እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው። በጣም ተናድጃለሁ፤ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

በመጨረሻ እኔም በማተቤ እንድምል ተጠይቄያለሁ። ማተቤን ዛሬ ጠዋት ፈትቼ ለደጊቱ ስላሰርኩላት አንገቴ ባዶ ነው። ቃሌ እንደሷ ቃል የማይያዝ ከሆነ ይነገረኝ። የሚያዝ ከሆነ፣ ተነቦልኝ የሰማሁት ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ስለሆነ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ ሽታዬ አየነው
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ አሥር አለቃ ሀብቱ ደርበው