ከአሥር ደቂቃ በኋላ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ዛሬ ጡረታ ለሚወጣ አንድ ሽማግሌ ብላችሁ ወንበር ተሸክማችሁ ስትንገዳገዱ አይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤቶቼም ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?" ስትሉኝ "ሰማይ ላይ ካለ ቤት ጋር በሬዲዮ አወራለሁ" እላችኋለሁ። ፈገግ ብላችሁ ታልፋላችሁ። አይፈረድባችሁም። የጠፈር ጣቢያ ግን እውነትም ቤት ነው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በአንድ ሰዓት ተኩል ምድርን ይዞራል። ሰዎች ለወራት ይኖሩበታል። ክብደት አልባ ሆኖ የሚኖር ሰው አጥንቱ ለምን እንደሚሳሳ ያጠናሉ፤ ሰላጣ ያበቅላሉ፤ አውሎ ነፋስና የደን ቃጠሎ ከላይ ያያሉ። ሽንታቸውንም አጣርተው መልሰው ይጠጡታል። ይህን የነገርኳት ጎረቤቴ የሻይ ስኒዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

ጣቢያው ከአንቴናችን በላይ ሲያልፍ የምናገኛቸው ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የሚባለውን ብለን ዝም እንላለን። ታዲያ ይህ ልማድ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ወሬ መሃል ዝም ስል ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ጣቢያው አለፈ እንዴ?" ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

ታማ ስትተኛም ያው ነበርኩ። አልጋዋ አጠገብ አሥር ደቂቃ አወራለሁ፤ ከዚያ ቃል ያጥረኛል። አንድ ቀን ከሰዓት እጄን ያዝ አድርጋ "ዛሬ እንኳ አትለፍ" አለችኝ።

"ተረኛ ነኝ" ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ በሕይወት አላገኘኋትም።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ ሥራ በተመለስኩ ቀን፣ ጣቢያው ውስጥ የነበረችው መሐንዲስ "ምድር፣ ድምፅህ ምን ሆነ?" አለችኝ። ላይ ያሉት ምድር ነው የሚሉኝ። ነገርኳት። መስመሩን አልዘጋችም። ጣቢያው እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሿን እየሰማሁ ቆየሁ። መዝገቡ ላይ "ግንኙነቱ ጥሩ ነበር" ብዬ ጻፍኩ።

ከነገ ጀምሮ ማን ያናግረኛል? አልዋሻችሁም፣ ያን ባዶ ቤቴን ፈርቼዋለሁ። ስልኬን ታውቁታላችሁ። ደውሉልኝ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ዝም ካልኩ አትዝጉት፤ አለሁ።

ላይ ያሉትን በሰላም ያውርዳቸው። እናንተንም ሁልጊዜ፣ ሳይመሽባችሁ፣ ወደሚጠብቃችሁ ሰው ይመልሳችሁ።