ሁለተኛው ምት

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ። ቁጥሩ አዲስ ሆኖብኝ እኮ ነው። የማን ስልክ ነው? ... የሱቁ? የራስህስ? ... ባትሪ ጨረሰ። አንተና ባትሪ መቼ ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ።

— ዛሬም ቴፕ ቤት ነህ ማለት ነው፣ ድምቡሼ። ይኸው አራተኛ ቀንህ ነው። ባለሱቁ ደመወዝ ቢቆርጥልህ ይሻለው ነበር። ... አላሾፍኩም። ... እሺ፣ አሾፍኩ። ምን ፈለግህ?

— ልኩን? የምን ልክ? ... የሳሎኑን። እና አንተ አታውቀውም? እዚሁ አይደል እንዴ እየተንፏቀቅክ ያደግኸው? ... ... እሱስ ልክ ነህ። አሥራ አንድ ዓመት። ይቅርታ፣ አፌ አመለጠኝ። ቆይ ሜትሬን ላንሳ።

— እማዬ፣ ነይ ይህን ጫፍ ያዥልኝ። ... እሱ ነው። ... ደህና ነኝ ይልሻል። ... እሺ፣ እጠይቀዋለሁ። — እማዬ ቁርስ በልቷል ወይ ትላለች። ... በልቷል እማዬ። — ውሸትህን እንደሆነ ድምፅህ ያስታውቃል፣ ግን በልቷል ብያታለሁ።

— ስማ፣ ያለኝ የልብስ ሜትር ነው። መቶ ሃምሳ ላይ ያልቃል፣ ለሰው ወገብ እንጂ ለሳሎን አልተሠራም። እየደጋገምኩ ነው የምለካልህ። ... አንድ... ሁለት... እማዬ አትሳቢው፣ ይለጠጣል... ሦስት፣ ከዚያ ትንሽ። አራት ሜትር ከስልሳ በል። ወርዱ... የስፌት መኪናዬን ልግፋው... ሦስት ከሰማንያ። ጻፍክ?

— ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ምንጣፍ። ... መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ባለ ገበር፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ... ሶፋውም ጨርቅ ነው። ይሄ ሰውዬ ቴፕ ሊሸጥ ነው ወይስ ሊያገባኝ ነው ዕቃዬን የሚቆጥረው? ... እስቲ ስጠው፣ ከራሱ ልስማ።

— ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ... አዎ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ። ... እህ። ... እህ። ... ለስላሳ ነገር ድምፅ ይውጣል። ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ ጥጥ። ... እንጨትና ግድግዳ ደግሞ ይመልሳል። ይገርማል፣ ሃያ ዓመት ጨርቅ ስቀድ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ... ላጨብጭብ? አሁን? ... እሺ፣ ስልኩን የት ላድርገው? ... ዋናው አድማጭ የሚቀመጥበት።

— ... ጌታዬ፣ እዚያ አሁን የሚቀመጥ ሰው የለም። የአባታችን ወንበር ነው። ... አይ፣ ሞቷል። ሰባት ወሩ። ... አሜን። እርስዎንም ያኑርልን።

— እማዬ፣ ስልኩን ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ነው። ... ስልክ እኮ ነው፣ ሰው አይደለም። ... ለአንድ ደቂቃ። ... እሺ፣ በቀስታ አስቀምጠዋለሁ። — ፈቀደችልኝ ጌታዬ። ይኸው አስቀመጥኩት።

— በመስኮቱ በኩል ነው ያለሁት። ... አሁን በበሩ በኩል። ... ይሄ ደግሞ በስፌት መኪናዬ በኩል። ... ተሰማዎት? ... ያፍናል? ክፍሉ ራሱ? ... እንግዲህ መጋረጃዬን አላወርድም፣ ሌላ ዘዴ ይፈልጉ። ... አምስት ስፒከር፣ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ አንዱ መሀል። እሺ። ... ቤዙ ለብቻው ሣጥን ሆኖ መሬት ላይ። እሺ። ... ማይክ አለው? ለመዝፈኛ? ... አይደለም። ማይኩን ወንበሩ ላይ ስናስቀምጠው ራሱ ድምፁን እየለካ ለዚያ ወንበር ያስተካክለዋል። ... ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰውስ? ... ትንሽ ይዛነፍበታል። ... አይ፣ ምንም አልሆንኩም ጌታዬ። ለአንድ ወንበር ብሎ መሠራቱ ነው የገረመኝ። ወንድሜን ይስጡልኝ።

— ሰማኸው አይደል? ደህና ሰው ነው፣ የሚለውን ያውቃል። ያንን ውሰድ። ... ምን? ... ቤዙን አልወደድከውም? አንተ? ድሮ ቤዝ ካልደለቀ ዘፈን አልተዘፈነም የምትል? የአባዬን አምፕሊፋየር ምን አቃጠለውና ነው። አራት ስፒከር ሰክተህ፣ ጓደኞችህን ሰብስበህ፣ አባዬ መንገድ ላይ ነው ብለህ... ጭሱ ከመጋረጃዬ ለመውጣት ወር ፈጅቷል።

— ላስቀይምህ ብዬ አይደለም። እኔ የምለው፣ ነገሩ እዚህ መድረስ አልነበረበትም። ስምንት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ የገባ ሰው ዕቃው ጨሶ ሲያገኘው ምን ይበል? "ዕቃዬን ሳትመልስ የዚህን ሳሎን ደፍ እንዳትረግጥ" አለ። በንዴት ነው ያለው። አንተ ግን እንደ መሐላ ያዝከው። አሥራ አንድ ዓመት በወጥ ቤት በር ገብተህ በወጥ ቤት በር ስትወጣ፣ እሱ ደግሞ ሳሎን ተቀምጦ ኮቴህን እየሰማ ሳይጠራህ። ሁለት ግትሮች፣ መሀላችሁ አንድ ግድግዳ። በቀብሩ ቀን እንኳ ከሳሎኑ ውጭ ነው የቆምከው።

— ስለዚህ አሁን ይብቃህ። ግዛውና ና። እማዬ ልጄ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ ሳላየው ልሞት ነው እያለች ነው። ... አዎ፣ ትናንትም ብላዋለች። ... የትኛው ሪሞት ይሻላል፣ ብሉቱዙ ከስንት ሜትር ይይዛል፣ ዋቱ ስንት ነው... ይህን ሁሉ ጥያቄ ያመጣኸው እግርህ አልሄድ ብሎህ ነው። አታታልለኝ፣ ሰውነትህን አጥቤ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ።

— ... ምን አልክ? ጮክ በል፣ ሱቁ ውስጥ ዘፈን አለ። ... ቤዙ ዱም ሲል። ... ዱም ሲል ትወጣለህ? ሦስቱንም ቀን በዚያ ነው ባዶ እጅህን የተመለስከው? ... ምን ይመስልሃል ድምፁ? ... ... አንድ ምት።

— ቆይ። ቆይ እስቲ። ... እማዬ፣ እስቲ ወንበር ስጪኝ።

— አንተም ትሰማዋለህ? ... ቤትህ ውስጥ? ግድግዳው ላይ? ... ... እንግዲህ ልንገርህ። ያልነገርንህ አብደዋል እንዳትል ብለን ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ፣ በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዜና ይሰማበት በነበረው ሰዓት፣ ከወንበሩ በኩል ይንኳኳል። እጁን የሚያሳርፍበት እንጨት ላይ። አንድ ጊዜ ብቻ። እንጨቱ ሲደርቅ ነው እያልኩ እማዬን አጽናናለሁ፣ እኔ ራሴ ግን ያን ሰዓት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል። እማዬ ደግሞ ሁለተኛውን ትጠብቃለች። ዝም ብላ እንጨቱን እያየች። የቀረበላት ራት እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች፣ አይመጣም። ፈርተናል፣ ምን ልደብቅህ።

— የአውቶቡሱን ቋንቋ መቼም አትረሳውም። ረዳቱ ቆርቆሮውን አንዴ ሲመታ ቁም፣ ሁለቴ ሲመታ ሂድ። አባዬ ምላሱ ከተያዘ በኋላ በዚያው ነበር የምንግባባው። ውሃ ልስጥህ? ሁለቴ፣ እሺ ማለቱ ነው። መስኮቱን ልዝጋው? አንዴ፣ አይሆንም። እማዬማ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነው ያወራኝ ትል ነበር።

— ... ... አለሁ። እየሰማሁህ ነው። ... የትኛው ማክሰኞ? ... አዎ፣ አውቃለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ነበር። ውሃ እያጠጣሁት ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አላየሁህም እንጂ ድምፅህን ሰምቻለሁ። "አባዬ፣ ልግባ?" አልክ። ... ከዚያማ ስወጣ የለህም። ረቡዕ ስደውልልህም አላነሳህም። እውነቱን ልንገርህ? ሰባት ወር ሙሉ ተቀይሜህ ነበር። ፈሪ፣ ከደፉ ላይ ሮጠ፣ ብዬ።

— ... ምን? ... አንድ ጊዜ? ... አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማኸው?

— ... አይሆንም ያለህ መስሎህ ነው የሄድከው?

— ድምቡሼ። ... ስማኝ ወንድሜ። ትሰማኛለህ? ... ሁለት ጊዜ ነው የመታው። ... አላባበልኩህም። በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሁለት ጊዜ እጁን አነሳ፣ ሁለት ጊዜ ጣለው። እንዲያውም ሁለተኛውን ሲያነሳ ከንፈሩ ተንቀጥቅጦ ነበር። ... አልተሰማህማ። ... ለምን እንዳልተሰማህ እኔ ምን አውቄ... አጠገቤ ነው የመታው፣ ባዶ እንጨት ላይ...

— ... ውይ።

— ... አለሁ። ... ባዶ እንጨት ላይ አይደለም። ውይ እኔን። መከዳው።

— ክርኑ ቆስሎበት ነበር። ትንሽ መከዳ ሰፋሁለት፣ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ እንጨቱን ከኋላ እስከ ግማሽ አለበስኩት። የመጀመሪያው ፊተኛው ባዶ እንጨት ላይ አረፈ። ያን ሰማህ። ሁለተኛው ላይ እጁ ዝሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተና መከዳው ላይ ወደቀ። እኔ እያየሁት ስለነበር የሰማሁት መሰለኝ። ጆሮዬ ግን አልሰማም። ለካ አልሰማም። እስካሁን አስቤው አላውቅም።

— አታምነኝም? ... እንግዲያው ቆይ። ስልኩን ወንበሩ ላይ እመልሰዋለሁ። ባለሱቁን ዘፈኑን ዝጋልኝ በለው። ... ዘጋ? ጆሮህን አስጠጋ። ... ይኸው። ... ሰማህ? አንድ። ... አሁንስ? ... ... አልሰማህም? መታሁት እኮ። ... እንደገና። ... ... በጡጫዬ ነው የመታሁት፣ ድምቡሼ። በሙሉ ጡጫዬ። ... ምንም? ... አየህ። ሰውየው ራሱ ነግሮኝ ነበር፣ ጥጥ ድምፅ ይውጣል ብሎ። እንዳያመው ብዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

— አይ፣ ሰው ሱቅ ውስጥ አታልቅስ። ... እሺ፣ አልቅስ። እኔም እያለቀስኩ ነው። ... አዎ። አዎ፣ ሲጠብቅህ ነው የዋለው። አልዋሽህም፣ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም። "ሄዷል አባዬ፣ ነገ ይመጣል" አልኩት። ሁለቴ መታ። ረቡዕንም በሩን ሲያይ ዋለ። ሐሙስ ማለዳ ነው የሞተብን። ... አምፕሊፋየር አይደለም የጠበቀው። አንተን ነው። ልግባ አልከው፣ ግባ አለህ፣ አለቀ።

— እማዬ፣ መቀሱን አቀብዪኝ። ... ልፈታው ነው። ... አውቃለሁ፣ ምንም አይነካ ብለሻል። እማዬ፣ ስሚኝ፣ ሁለተኛውን ያፈነው ይህ ነው። ... የምትጠብቂው። ... አዎ። ... እሱም አንዱን ብቻ ነው የሰማው፣ ልጅሽ። ... ስጪኝ። ... አንቺ በዚያ ያዥው።

— አንተ እንዳትዘጋ፣ እየፈታሁት ነው። እንደ ጫማ ሰፊ ነው ያጠበቅኩት... ድርብ ክር... አዎ፣ ወጣ። እንጨቱ ከሥሩ እንደ አዲስ ነው፣ ያበራል። ... ሄሎ? ... ድምቡሼ? ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— ... አቤት? ... ባለሱቁ ነዎት? ... እሱስ የት አለ? ... ወጣ? ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ? ... ጃኬቱንም ትቶ። ... በየት በኩል ዞረ? ... በግራ፣ በሩጫ። ... አይ፣ አያሳስብዎት፣ የቤታችን መንገድ ነው። በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

— እማዬ፣ እየመጣ ነው። ... ምንም አልያዘም፣ ባዶ እጁን ነው። ... የወጥ ቤቱን አይደለም፣ የሳሎኑን በር ክፈቺ። ሁለቱንም መዝጊያ። ደፉ ላይ ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ጥረጊው፣ እንዳያደናቅፈው።

— ይቅርታ ጌታዬ፣ አለሁ። ... አይጠቅልሉት አሁን፣ ሌላ ቀን መጥቶ ይወስደዋል። ባለ ቤዙን ያስቀምጡልን። ... አቤት? ... አይ፣ ያንኳኳሁት እኔ አይደለሁም። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ በሌላኛው መቀስ ይዣለሁ። ... እናቴም በሩ ጋ ናት። ... ከቅርብ ነው የተሰማዎት? እንጨት ላይ? ... ... ጌታዬ፣ ድምፅ ለይቶ ማወቅ ሥራዎ ነው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስንት ጊዜ ነው የሰሙት? ... እኔማ ሰምቻለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።

— ... ሁለት።

— ... እሺ። እግዜር ይስጥልኝ። ልዝጋው በቃ፣ ኮቴ ይሰማኛል።