ክንዴ ውስጥ የጠፋው መከላከያ

ክንዴ ላይ ያስቀበርኩት የወሊድ መከላከያ ጊዜው ሲያልፍ ላስወጣው ብሄድ ጠፋላችሁ። በሁለት ክሊኒክ ክንዴን ቀደው ፈልገው ሲያጡት፣ "ምናልባት ራሱ ወጥቶ ይሆናል" ብለው ሸኙኝ። እኔ ግን ጣቶቼ እየደነዘዙ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ጉርድ ሾላ አካባቢ አንዲት በዕድሜ የገፉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። "የለም እያሉኝ ነው" ስላቸው፣ "አንቺን ካመመሽማ አለ፣ ልጄ" አሉና በአልትራሳውንድ ሲያስሱ ጡንቻዬ ውስጥ ተሸጉጦ አገኙት። አደንዝዘውኝ፣ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሳይነኩ፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ነገር አውጥተው አሳዩኝ። እያለቀስኩ እጃቸውን ልስም ስጎነበስ፣ "ኧረ ተይ፣ የሰፋሁት ይፈታብኛል!" ብለው አሳቁኝ።

ድንዛዜው ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።