የአጎቴ የእንጨት ጠብመንጃዎች

አጎቴ ድሮ ሚሊሺያ ይሠለጥንባቸው የነበሩ የእንጨት ጠብመንጃዎችን ይሰበስባል። አሰላ ያለው ቤቱ ግድግዳው ሁሉ እነሱ ናቸው። ዘመድ አንዱን ቢለምነው እንኳ አይሰጥም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን እጠርጋለሁ፤ ጠብመንጃ መቼም ወሬ አይጠይቀኝም።

ባለፈው አዴ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ከዲክሲስ መጡ። «ወንድሜ ሠልጥኖ ዘመተ፤ አልተመለሰም። የያዘው እንጨት እዚህ ይኖር ይሆን ብዬ ነው» አሉ።

«አዴ፣ ሁሉም እኮ አንድ ዓይነት ናቸው። በምን ይለዩታል?» አላቸው አጎቴ።

እሳቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱና አንዱ ላይ ቆሙ። «ያ ረቢ! ይኸው፣ ምራኑ፣ የቀንበሩ ማሰሪያ ጠፍር፣ የበላው ቦታ። የአባታችን ሞፈር ነው። ጠብመንጃ ጠርባችሁ ኑ ሲባሉ ወንድሜ ከዚህ ቆርጦ ሄደ። አባቴ ያን ዓመት በሰው ሞፈር አረሰ።»

ያን ጎድጓዳ ስንቴ ጠርጌዋለሁ! አጎቴ አወረደው፤ ራሱ ያሰረበትን ማንገቻ ፈታና እንጨቱን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ከእርሻ እንደሚመለስ ገበሬ ትከሻቸው ላይ አጋድመውት ወጡ። በር ላይ የቆመ የባጃጅ ሾፌር፣ «እማማ፣ ጠብመንጃ ታጥቀው ወዴት ነው?» ብሎ ቀለደ።

«ሞፈር ነው» አሉት፤ «ወደ ቤቱ ይገባል።»